ቢጫው ቅባትና የአባዬ አውራ ጣት

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቤት ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከቦርሳዋ ትንሽ የቅባት ቱቦ አወጣች። ያቀፈችው ልጅ አገጩ ላይ ቁስል አለው፤ ቅርፊት የያዘ፣ ዳር ዳሩ የረጠበ። ክዳኑን በጥርሷ ፈታች፣ የቱቦውን አፍ ቁስሉ ላይ አሳርፋ ጨመቀች፣ መልሳ ከደነችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሽታው ወዲያው ደረሰኝ፤ የቫዝሊን የሚመስል፣ ትንሽ የጎማ ነገር ያለበት፣ ሌላ ሰው ልብ የማይለው ሽታ። “ቅርፊቱን ሳታነሺ? ጫፉንስ ለምን አስነካሽው?” ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ተውኩት። በሰው ልጅ ጥልቅ የምትል ሴት መምሰል አልፈለግኩም። የቀረውን መንገድ ግን በመስኮት እያየሁ የሄድኩት ስለ አባዬ እያሰብኩ ነው፤ አባዬ የሰፈሩን ልጆች ስላጣበት ስለዚያ ክረምት።

ያኔ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። አባዬ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ስሙ ላምቤቦ፣ ሰዉ ጋሽ ላምቤቦ ይለዋል። ከሆሳዕና አካባቢ በልጅነቱ መጥቶ ብዙ ዓመት በሰው ሱቅ ከሠራ በኋላ ነው ከፒያሳ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለችውን ጠባብ ቤት ተከራይቶ የራሱን የከፈተው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ለተራ ጠባቂ የሚሆን አግዳሚ፣ ከዚያ በላይ የላትም። በንጽህናው ግን አይታማም። ምላጭ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ነው፤ ወረቀቱን ደንበኛው እያየ ነው የሚቀደው። ቶንዶሱ ላይ አልኮል ያርከፈክፍና ክብሪት ይጭርበታል። ሰማያዊው እሳት ቦግ ብሎ ሲጠፋ አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ልጆች “ድገመው ጋሼ” ይላሉ፤ እሱም አንዳንዴ አስፈላጊ ሳይሆን ይደግምላቸዋል።

ልጆች ይወዱት ነበር። እንደ ሌሎቹ ፀጉር አስተካካዮች ጭንቅላት ይዞ አያጣምምም፣ አይቆጣም። ሲላጭ ያወራል፤ ጭንቅላቱ የማን እንደሚመስል፣ ጠባሳው ከምን እንደመጣ ይጠይቃል። ሲጨርስ ደግሞ ምርቃት አለ። አትክልት ሻጭ ከመዘነች በኋላ አንድ ሁለት ፍሬ እንደምትጨምረው ማለት ነው። አባዬ የሚጨምረው ግን ቅባት ነበር። ከመስታወቱ ሥር ካለችው መደርደሪያ ቲቲሲ የምንለውን ቢጫ የዓይን ቅባት ያነሳል፣ የቱቦውን ጫፍ ማጅራት ላይ፣ ምላጩ ያቀላው ቦታ ላይ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ ክብ ክብ እየሠራ ያሸዋል። “ይኸው ምርቃትህ፤ አያሳክክህም” ይላል። ልጁ ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያ ቤት ያለፈ ልጅ ሁሉ አንገቱ ላይ የአባዬን አውራ ጣት ያውቀዋል። ሩቅ ካለ ሰፈር ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች ነበሩ፤ “እዚያ ቤት መድኃኒት ይቀባሉ” እየተባባሉ።

እኔ ሹሩባ ስለምሠራ ምርቃቱ አይደርሰኝም ነበር። ምሳውን ይዤ በሄድኩ ቁጥር የወንዶቹን ማጅራት እያየሁ እቀናለሁ። ክረምቱ ሲገባ ቅማል ይዤ ተገኘሁና እማዬ “ይላጭ” ብላ ፈረደች። በሚቀጥለው ቀን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ የራሴ ሹሩባ ጭኔ ላይ ሲወድቅ አለቀስኩ። አባዬ መጨረሻ ላይ ቱቦዋን አነሳና “ለፌቪ ድርብ ምርቃት” አለኝ። አውራ ጣቱ ሞቃት ነበር። ልቅሶዬን አቆምኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን መላጣ መሆኔን ረስቼ ነው ወደ ቤት የሮጥኩት።

ሱቁ ደጃፍ ላይ እትዬ ዱካሌ አለች። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ሰው ናት። ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከልጇ ከበረከት ጋር ትኖራለች፤ ቀን ቀን ጆንያ ዘርግታ አቮካዶና ማንጎ ትሸጣለች። ባሏ ለሥራ ራቅ ያለ አገር ነው። አባዬ ባንክ ሲሄድ ሱቁን አደራ የሚለው ለእሷ ነው፤ እሷም ገበያ ስትወርድ በረከትን የምታስቀምጠው እሱ ዘንድ ነው። ከአቮካዶዋ ለዕለቱ የደረሰውን ለይታ ታስቀምጥለታለች። አባዬ በሲዳሙ አፎ፣ በእሷ ቋንቋ፣ ሊያናግራት ሲሞክር ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ እሱም ለማሳቅ ብሎ ይባስ ያበላሸዋል። በረከት ገና ትምህርት ቤት ያልገባ፣ አፍንጫው የማይደርቅ፣ ሁሌ የሆነ ነገር የሚጎትት ልጅ ነበር። ከእኔ ይልቅ የአባዬ ልጅ የሚመስለው እሱ ነው፤ ይህም ያበሳጨኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ዝናቡ እንደ ጉድ ጣለ። መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቶ ይሰነብታል፤ እኛም ስንንቦጫረቅ እንውላለን፤ ዝንብ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ እንጃ። መጀመሪያ ማጅራቴ ላይ ትንሽ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣ። ፈነዳና ቢጫ ቅርፊት ሠራ። ከዚያ ከጆሮዬ ሥር፣ ከዚያ ከንፈሬ ጥግ ላይ። እማዬ “ምች ነው” ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ። አባዬ ምንም አይደል አለና ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ከኪሱ በሚያወጣት ቱቦ ቅርፊቱ ላይ በአውራ ጣቱ ደህና አድርጎ ይለቀልቅልኝ ነበር። ቅርፊቱ ማር የፈሰሰበት ይመስላል። እኔም በልቤ ዝንቦቹ የሚመጡት ማር ስለሆነ ነው ብዬ ወስኛለሁ፤ አንድ ቀንም ቀምሼዋለሁ። ጨው ጨው ይላል።

በግቢያችን ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችው ሲስተር ብርቱካን ናት፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊቷን ቶሎ የማትፈታ። አንድ ቅዳሜ ልብስ እያጠበች ሳለ በአጠገቧ ሳልፍ “ነይ እስቲ፣ ፌቪ” አለችኝ። አገጬን ሳትነካ፣ በጣቷ እያመለከተች ዞር በይ፣ ቀና በይ አለችኝ። ከዚያ እማዬን ጠራቻት። “ይሄ ምች አይደለም” አለች። “የቆዳ ኢንፌክሽን ነው። ይጋባል። ሰኞ ጤና ጣቢያ አምጪያት።” ሰኞ ሄድን፤ ለቆዳ የሚሆን ሌላ ቅባት ታዘዘልኝ። እማዬ ቢሮ ስለምትውል፣ አቀባቡን ደግሞ በትክክል የምታውቀው ሲስተር ስለሆነች፣ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊትና ማታ ስትመለስ እኔን ማከም የእሷ ሆነ።

የምታክመኝ በረንዳው ላይ ነበር። ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። ሲስተር መጀመሪያ እጇን ትታጠባለች፤ በሳሙና፣ በጣቶቿ መሃል፣ ከጥፍሯ ሥር፣ የቧንቧው ውሃ ያልቅ ይሆን እስክል ድረስ። ከዚያ ጓንት ታጠልቃለች። አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውሃ በሳህን ታመጣና ንጹሕ ጨርቅ ነክራ ቅርፊቱ ላይ ታሳርፈዋለች። አትፈትግም፤ እስኪለሰልስ ትጠብቃለች። ስትጠብቅ መዝሙር ታንጎራጉራለች፣ ግማሹን በአፍንጫዋ። ቅርፊቱ ሲላቀቅ ቀስ ብላ ታነሳዋለች፣ በሌላ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጋ ታደርቀዋለች። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ቅባቱ የሚመጣው። ቱቦውን ቆዳዬ ዘንድ አታደርሰውም። ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ስንጥር ላይ ትንሽ ትጨምቅና ስስ አድርጋ ትቀባዋለች። ስንጥሩን ትጥላለች። ለሌላው ቁስል ሌላ ስንጥር።

“ለምን ብዙ አትቀቢኝም?” አልኳት አንድ ቀን። አባዬ ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ ነበር የሚቀባኝ፤ እሷ ግን ውድ ሽቶ ይመስል ትቆጥባለች። ስስታም ናት ብዬ ነበር።

“መድኃኒቱ የሚሠራው ቁስሉን ሲነካ ነው እንጂ ሲከመር አይደለም” አለችኝ። “ቅርፊቱ ላይ ብትከምሪው ደግሞ በሩን ዘግተሽ እንግዳውን ግባ እንደማለት ነው። ከውጭ ቆሞ ይቀራል።”

ፎጣዬ ከቤተሰቡ ፎጣ ተለይቶ በራሱ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። የትራሴ ልብስ ይቀቀላል፣ ይተኮሳል። ጥፍሬ ከሥሩ ተቆረጠ። ከእማዬ ጋር መተኛት ቀረ። እኔ ይህን ሁሉ ሲስተር ስለተጸየፈችኝ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ጓንቱንም፣ በጣት ማመልከቱንም። ልፈትናት ብዬ አንድ ጠዋት ጓንቷን ስታወልቅ ጠብቄ ቁስሌን የነካሁበትን እጄን ጉንጯ ላይ አደረግኩት። እጄን ለቀም አድርጋ ወደ ቧንቧው ወሰደችኝ፣ የእኔን እጅ፣ ከዚያ ጉንጯን በሳሙና አጠበች። አለቀስኩ። እጇን እያደረቀች “ዛሬ ገና የተወለዱ ልጆች አቅፋለሁ፣ ፌቪ” አለችኝ። “ከአንቺ ሸሽቼ አይደለም። ይዤላቸው እንዳልሄድ ነው።” አላመንኳትም። ዛሬ ባገኛት ብዙ የምላት ነበረኝ። ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ከሄደች በኋላ ግን ያለችበትን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ ይህ አንዱ ቁጭቴ ነው።

ቁስሉ መድረቅ ሲጀምር አባዬ ደስ አለው። አንድ ጠዋት ሲስተር ውሃ ልታመጣ ገባ ስትል መጥቶ “እስቲ የኔ ልጅ፣ ምርቃት ልጨምርልሽ” አለና ቱቦዋን ከኪሱ አወጣ። አውራ ጣቱ ከአንገቴ ሳይደርስ ሲስተር በሩ ላይ ብቅ አለች።

“ጋሽ ላምቤቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እጅዎን ሳይታጠቡ አይንኳት።”

አባዬ እጁን አየት አደረገ። “የገዛ ልጄን?”

“እኔም ታጥቤ ነው የምነካት። ያ ቅባት ደግሞ የዓይን ነው፤ የታዘዘላት አለ።”

እጁን ሰበሰበ። ቱቦዋን ኪሱ ከተተና ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። አባዬ በቀላሉ የሚከፋ ሰው አይደለም፤ በእጁ ከመጡበት ግን ሌላ ነገር ነው። እጁ ኑሮው ነበር፤ ስሙም ነበር።

እሷ ግን በዚያ አላበቃችም። ከጥቂት ቀን በኋላ ምሳ አድርሼ አግዳሚው ላይ እግሬን እያወዛወዝኩ ሳለ ሲስተር ብርቱካን ሱቁ ገባች። አንድ ሽማግሌ ጢማቸውን እየተላጩ ነበር። እስኪጨርሱ ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ ሰው ፊት እንዳይሆን ብላ ነው፤ ያኔ ግን ተራ የያዘች መስሎኝ ሳቄ መጥቶ ነበር። ሽማግሌው ሲወጡ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። ጤና ጣቢያው በዚህ ሰሞን ቁስል ባላቸው ልጆች መሙላቱን፣ ብዙዎቹ ላይ ከማጅራት መጀመሩን፣ እናቶቹን ስትጠይቅ የሚላጩበት ቤት አንድ መሆኑን።

“እኔ ለእያንዳንዱ ሰው ምላጭ እቀይራለሁ” አለ አባዬ። “ቶንዶሱን አቃጥላለሁ። አንቺም አይተሻል።”

“አይቻለሁ። ችግሩ ምላጩ ላይ አይደለም። የቱቦው ጫፍ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጣትዎም፣ ያ አንገት መጥረጊያ ፎጣም።”

“ሲስተር፣ መድኃኒት እኮ ነው! መድኃኒት እንዴት በሽታ ያመጣል?”

“ቁስል ከነካ በኋላ በሽታውንም ይዞ ይመለሳላ። ለአንድ ሰው አንድ ቱቦ ነው። ያውም ለታዘዘለት።” ለመሄድ ተነሳች። “ደግነትዎን አውቃለሁ ጋሽ ላምቤቦ። ለጊዜው ቅባቱን ይተዉት፤ ቁስል ያለበትን ልጅ ደግሞ አይላጩ፣ ወደ እኛ ይላኩት።”

ማታ ለእማዬ “በሽታ አከፋፋይ አደረገችኝ” ሲላት ሰማሁ። ቢሆንም ቱቦዋን መሳቢያ ውስጥ ከተታት፤ ፎጣውንም መቀቀል ጀመረ። እንዲያ ሰነበተ። ሞክሯል፤ ይህን ለማንም እናገራለሁ። ግን እናቶቹ “ጋሼ፣ ምርቃቱስ?” ይሉታል። ልጆቹ አንገታቸውን አጎንብሰው ይጠብቃሉ። እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። “ጋሽ ላምቤቦ ቆጥቋጣ ሆነ” የሚል ወሬ ሲደርሰው በጣም አዘነ።

እትዬ ዱካሌ በረከትን ይዛ የገባችው በዚያ ሰሞን ነው። ልጁ አፍንጫው ሥርና ክንዱ ላይ ያው የማር ቅርፊት ይዟል። አባዬ አየው፤ ፀጉሩን አልላጨውም፤ የሲስተርን ቃል እስከዚያ ድረስ አከበረ። “ይዳን መጀመሪያ” አለ። “ጤና ጣቢያ ውሰጂው።”

“ጤና ጣቢያ ብሄድ ቀኔ አለቀ ጋሼ። ፍራፍሬዬን ማን ይሸጥልኛል?” አለች። “ያንን ቢጫውን ቀቡልኝ፤ እሱ ያድነዋል።”

አባዬ በሩን አየ። መሳቢያውን ከፈተ። ልጁን በእጁ አልነካውም፤ ቱቦዋን እንዳለች ሰጣት። “ቤት ወስደሽ ቀቢው” አለ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ከብዙ ልጆች አንገት የተመለሰችውን ቱቦ ለሚወደው ልጅ በስጦታ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ የተሰማኝ ቅናት ብቻ ነው።

እትዬ ዱካሌ ቀባችው፣ ቅርፊቱ ላይ፣ ደረቅ ሲል ተወችው። እኔንስ ሲስተር ቁስሌ ሙልጭ ብሎ ከጠፋ በኋላ እንኳ “ሲደርቅ አለቀ ማለት አይደለም” እያለች ዱካው ላይ ታስቀምጠኝ ነበር።

ዝናቡ ሲቀንስ በረከት ወፈረ። ጉንጩ ሞላ፣ ዓይኖቹ ጠበቡ፣ እግሩ ድቡልቡል አለ። ሰፈሩ ተደሰተበት። የጎረቤቱ ባለሱቅ “ማሻአላህ” እያለ ከረሜላ ይሰጠዋል። እትዬ ዱካሌ “ከቱላ እናቴ የምትልክልኝ ወተት ነው” እያለች ትኮራለች። አባዬ ጉንጩን ቆንጠጥ አድርጎ “ይሄ ልጅ ሊያስንቀን ነው” ይለዋል። እኔ ቀጫጫ ነበርኩና ወተቱ ለእኔም ይምጣልኝ ብዬ እማዬን አስቸገርኳት።

ሲስተር ብርቱካን ወደ ሥራ ስታልፍ አየችው። ቆመች። ተንበርክካ ቅልጥሙን በጣቷ ጫን አደረገችና ለቀቀች፤ የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ። ፊቷ ተለወጠ።

“ሽንቱ ምን ይመስላል?”

እትዬ ዱካሌ አፈረች፣ በመንገድ ላይ የሚጠየቅ አይደለም። “እንደ ሻይ ሆኗል” አለች ቀስ ብላ። “ሚሪንዳ ምናምን ሰጥተውት መስሎኝ ነው። ምነው?”

ሲስተር መልስ ሳትሰጥ ባጃጅ አስቆመች። ሦስቱም ገብተው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። አባዬ ቶንዶሱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ “ምንድነው ነገሩ?” ይላል። እኔ ቅልጥሜን በጣቴ ጫን ጫን እያደረግኩ ጉድጓድ ይቀር እንደሆነ አይ ነበር።

ማታ አባዬ በረንዳው ላይ ሲስተርን ጠብቆ አገኛት። እኔ ከበሩ ጀርባ ነኝ።

“ኩላሊቱ ነው” አለችው። “የቆዳ ቁስል አንዳንዴ እንዲህ አድርጎ ኩላሊት ይነካል። ተኝቷል። በጊዜ ስለደረሰ ይድናል ብለዋል።”

“ከእኔ ነው?”

“ከማን እንደሆነ ማንም አያውቅም ጋሽ ላምቤቦ። በክረምት ልጅ ሁሉ ቁስል አለው። በደንብ ቢታከምም ሊመጣ ይችል ነበር።”

“ከእኔ ሊሆን ይችላል?”

ሲስተር ቦርሳዋን አስቀመጠች። “ይችላል” አለች።

ይህቺን ሴት አከብራታለሁ። ያን ዕለት ግን ብትዋሸው ኖሮ እያልኩ እመኛለሁ። እውነት መናገሯ ምንም ስህተት የለበትም፤ አባዬ ግን “ይችላል”ን “ነው” ብሎ ነው የሰማው፤ እስከዛሬም እንደዚያው ነው የሚሰማው።

ሱቁን ዘግቶ ሰነበተ። ያሉትን ፎጣዎች በሙሉ ግቢ ውስጥ በከሰል ምድጃ ላይ ቀቀላቸው፤ ደረቁ፣ እንደገና ቀቀላቸው። እኔ ፖሊስ የሚመጣበት መስሎኝ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ እደበቃለሁ። ብርቱካንና ሙዝ ገዝቶ ሆስፒታል ሄደ፤ ከነፌስታሉ ተመልሶ መጣ። እማዬ “አላስገቡህም?” ስትለው “በሩ ጋ ብዙ ሰው ነበር” አለ። ፍሬውን ሲስተር አደረሰችለት።

በረከት ዳነ። እብጠቱ ሟሸሸ፤ ጨው የሌለው ምግብ እየበላ፣ እየተነጫነጨ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አባዬ ያን ሰሞን ሱቁን ከፍቷል፤ ግን አዋቂ ብቻ ነበር የሚመጣው። እናቶቹ ወሬውን ሰምተዋል። አግዳሚው ላይ የልጅ ዘር የለም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ልጅ ሁሉ በሚላጭበት ቅዳሜ፣ ከማዶ ያለው ፀጉር ቤት እስከ መንገድ ድረስ ተሰልፏል፤ የእኛ ጭር ብሏል።

በዚያ ቅዳሜ ነው እትዬ ዱካሌ በረከትን አሳምራ አልብሳ፣ ማዶ የተሰለፉት እናቶች ሁሉ እያዩ፣ መንገዱን አቋርጣ ወደ እኛ የመጣችው። አሁን ሳስበው ሆን ብላ ነው። ቂም እንደሌላት ሰፈሩ ሁሉ እንዲያይ። ልጆቹን እንድትመልስለት።

“ጋሼ፣ እንደ ድሮው ላጩልኝ” አለች። ድምጿ ደማቅ ነበር። በረከት ሳይጠየቅ ወንበሩ ላይ ወጣ።

አባዬ ጨርቁን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው። “ፀጉሩ ገና ነው” አለ።

“አድጓል እኮ ጋሼ። ጆሮውን ሸፍኖታል።”

“ዛሬ አይመቸኝም። ሌላ ቦታ ውሰጂው።”

“ሰው የለብዎትም እኮ!” አለች፣ ባዶውን አግዳሚ እያየች። አባዬ ዞሮ መስታወቱን መወልወል ጀመረ። የሚወለውለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ዓይኑ መስታወቱ ውስጥ ከሚታየው በረከት ሳይነሳ፤ እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ አይቻለሁ፤ እድፍ የያዘ መስሎኝ ውሃ ላመጣ ተነሳሁ። እሷ የምታየው ጀርባውን ብቻ ነው። ልጇን ከወንበሩ አወረደችው። “እሺ ጋሼ” አለች፣ ቀስ ብላ። ማዶ ሄዳ ተሰለፈች።

ያን ሰሞን እማዬ ከሰፈር የሰማችውን ይዛ መጣች፤ እትዬ ዱካሌ “የታመመ ልጅ ብሎ ተጸየፈብኝ” እያለች ማልቀሷን። አባዬ ቁና ቁና ተነፈሰ።

“ሄደህ ንገራታ” አለችው እማዬ።

“ምን ብዬ? ልጅሽን ሞት አፋፍ ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ ስለፈራሁ ነው ልበላት?”

“አዎ። እንደዚያ በላት።”

ነገ እላታለሁ ሲል ጆንያዋ ከደጃፋችን ተነሳ። ዕቃዋን ጭና ወደ ቱላ፣ ወደ እናቷ ቤት ገባች። አባዬ ከዚያ ወዲህ ልጅ ላጭቶ አያውቅም። ሰው ልጁን ይዞ ከመጣ “ልጅ አልላጭም” ይላል፤ ምክንያቱን አይናገርም። ሰዉም ልጅ የማይወድ ሰው ነው ብሎ ተወው። አባዬን ልጅ አይወድም ሲሉት መስማት የሚያምመኝን ያህል የሚያምመኝ ነገር ብዙ የለም።

አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ኮቱን ሳያወልቅ “ነይ፣ ቱላ ደርሰን እንምጣ” አለኝ። መንገድ ላይ ብስኩትና ስኳር ገዛ። ሚኒባሱ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የሚጸልይ መስሎኝ ነበር። ወርደን ጭቃውን እየዘለልን እየጠየቅን ሄድን፤ አንዲት ልጅ ቤቱን አሳየችን። ጓሮው እንሰት ነው፤ አጥሩ ከደረት አይበልጥም። በረከት ከሌሎች ልጆች ጋር አሮጌ ጎማ እያንከባለለ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ቀጥኗል፣ ራሱ ተላጭቷል፣ አቧራ ለብሷል። ከቤት ውስጥ የእትዬ ዱካሌ ድምፅ በሲዳሙ አፎ ሲጠራው ሰማን። አባዬ አጥሩን ያዘ። እገባለሁ ብዬ አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ ትከሻዬን ይዞ መለሰኝ።

ብዙ ቆምን። ከዚያ “እንሂድ” አለ።

ሚኒባሱን ስንጠብቅ ብስኩቱን ከፌስታሉ አውጥቶ “በይ፣ አንቺ ብዪው” አለኝ። ቱላ የመጣነው ለእኔ ብስኩት ሊገዛልኝ መሰለኝና ደስ አለኝ።

“ደህና ነው አይደል?” አለኝ። “ሲሮጥ አይተሽዋል።”

“አይቼዋለሁ” አልኩት፣ አፌ በብስኩት እንደሞላ።

እትዬ ዱካሌ ያን ቀን አጥሯ ድረስ መጥተን እንደተመለስን እስከዛሬ አታውቅም። እሷ የምታውቀው ጀርባውን ሰጥቷት መስታወት የሚወለውለውን ሰው ነው።